ስትዞሩ «ቀጭ ቀጭ» የሚለው ድምፅ፦ ስለ ሲቪ ጆይንት ማወቅ ያለባችሁ

አደባባይ ላይ መሪ ጠምዝዛችሁ ነዳጅ ስትሰጡ ከፊት ጎማ በኩል «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? መሪው ሲቃና ይጠፋል። ስለዚህ ሙዚቃውን ከፍ አድርጋችሁ መንገዳችሁን ትቀጥላላችሁ።

እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ለሥራ የምንሯሯጥባት አሮጌ ቪትዝ ለሦስት ሳምንት ያህል ስትንቀጫቀጭ እየሰማን «ብር ሲገባ እናሠራታለን» አልን። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት መሃል ላይ «ጓ!» አለች። ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። ማርሹን ፒ ላይ አድርገን እግራችንን ከፍሬን ስናነሳ ጭራሽ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ያተረፈን የእጅ ፍሬን ነው።

ስትፈታ የታየው ነገር ያናድዳል። የሁሉም ነገር መነሻ አንዲት የተቀደደች ላስቲክ ናት። ላስቲኳ በጊዜ ብትቀየር ኖሮ ጆይንቱ አይበላም፣ አክስሉ አይሰበርም፣ እኛም ዳገት ላይ አንቀርም ነበር።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው አሮጌ መኪና ለያዛችሁ፣ ለራይድ ሥራ ለምትነዱ፣ የቤተሰብ መኪና ለምትጋሩ ሁሉ ነው። ራሳችሁ ባትፈቱትም እንኳ ጋራዥ ስትገቡ ምን እየተሠራላችሁ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዋናው ነገር ባጭሩ ይሄ ነው፦ ድምፁን አትጠብቁ፤ ላስቲኩን እዩ።

■ ሲቪ ጆይንት ምንድን ነው?

የሞተሩ ኃይል በካምቢዮ በኩል አልፎ ወደ ፊት ጎማ የሚደርሰው በሚሽከረከር የብረት ዘንግ ነው። ይህን ዘንግ አክስል እንለዋለን። አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ ጎማ ነው።

ችግሩ የፊት ጎማ ሥራ ይበዛበታል። መኪናውን ይጎትታል፣ ወደ ግራና ቀኝ ይታጠፋል፣ ጉድጓድ ሲያገኝ ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች ይዘላል። ቀጥ ያለ ዘንግ ይህን ሁሉ አይችልም። ስለዚህ በሁለቱም ጫፎቹ ላይ እንደ ሰው ትከሻ በየአቅጣጫው የሚንቀሳቀስ መገጣጠሚያ ይደረግለታል። ሲቪ ጆይንት ማለት ይኸው ነው። በአንድ አክስል ላይ ሁለት፣ በመኪናው ላይ በድምሩ አራት ናቸው።

👉 የውጪው ጆይንት በጎማው በኩል ያለው ነው። ውስጡ ብዙውን ጊዜ ስድስት የብረት ኳሶች አሉ። ኳሶቹ በተቀረጸላቸው ጎድጓዳ መስመር ላይ እየተንሸራተቱ ኃይል ያስተላልፋሉ። መሪ ስትጠመዝዙ በጣም የሚታጠፈው ይሄኛው ስለሆነ ቶሎ የሚበላውም እሱ ነው።

👉 የውስጡ ጆይንት በካምቢዮ በኩል ያለው ነው። በብዙ ትናንሽ መኪናዎች ሦስት ተሽከርካሪ እግሮች አሉት። ብዙ አይታጠፍም፤ ግን ወደ ውስጥና ወደ ውጪ እየተንሸራተተ የአክስሉን ርዝመት ያስተካክላል።

«ሲቪ» የሚለው ስም ፍጥነቱ የማይቀያየር ማለት ነው። ተራ ክሮቼራ ሲታጠፍ በአንድ ዙር ውስጥ ሁለቴ ፈጠን፣ ሁለቴ ቀስ ይላል። መሪ በሚታጠፍበት ጎማ ላይ ቢገጠም መኪናው በየመታጠፊያው ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህን የፈታው ባለ ኳሱ ጆይንት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አልፍሬድ ዤፓ የተባለ መሐንዲስ የሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣችው የእንግሊዟ ሚኒ ይህንኑ ዓይነት ጆይንት ይዛ ከተሳካላት በኋላ በፊት ጎማ የሚጎተቱ ትናንሽ መኪናዎች ዓለምን ሞሉት።

■ የእናንተ መኪና አለው ወይ?

በፊት ጎማ የሚጎተት መኪና ከሆነ አለው። ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ከ1990ዎቹ ወዲህ ያሉት ኮሮላዎችና አብዛኞቹ ትናንሽ የቤት መኪናዎች እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

እኛ «ዲኤክስ» የምንላት የድሮዋ ኮሮላ፣ የድሮዋ ላዳ ታክሲና ሃይስ ሚኒባስ ግን የሚገፉት በኋላ ጎማ ነው። የእነሱ ጣጣ ከመኪናው ሆድ ስር በሚሄደው ረጅም ዘንግ ላይ ያለው ክሮቼራ ነው። ምልክቱም አጠጋገኑም ይለያል።

«እኛ ኤሌክትሪክ ነው የያዝነው» የምትሉም አታምልጡ። ኤሌክትሪክ መኪና ሞተሩ ቢቀየርም ኃይሉን ወደ ጎማ የሚያደርሰው በዚሁ ባለ ሲቪ ጆይንት አክስል ነው። ሲረገጥ ወዲያው ሙሉ ጉልበት ስለሚሰጥና በባትሪው ምክንያት ከባድ ስለሆነ ጆይንቱ ላይ ያለው ጫና ቀላል አይደለም።

አሁን ነገሩን ማወቅ ከበፊቱ ይበልጥ የሚጠቅምበት ምክንያትም አለ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ፣ እጃችን ላይ ያሉት አሮጌ መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት ማገልገል አለባቸው። «ሸጬ ሌላ እገዛለሁ» እንደ በፊቱ ቀላል አይደለም። ያለውን መያዝ ነው።

■ እንዴት ነው የሚበላው?

ሲቪ ጆይንት እንደ ሞተር ዘይት የሚቀየርለት ዕቃ አይደለም። ሲሠራ የተሞላለት ግራሶ ለዕድሜ ልኩ ነው። ግራሶውን የምትይዘው ደግሞ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈች ጥቁር ላስቲክ ናት። በሁለቱ ጫፎቿ በፋሼታ ታስራ ትቀመጣለች።

ላስቲኳ በዕድሜ ትደርቃለች፣ በእጥፋቶቿ ትሰነጠቃለች። ድንጋይ ይመታታል፣ የደረቀ ጭቃ ይፍቃታል። የኮንዶሚኒየም ውስጥ ለውስጥ ጠጠር መንገድ፣ የግንባታ አካባቢ፣ ኮረት የፈሰሰበት መንገድ ሁሉ ጠላቷ ነው። መኪናን ከስር በናፍጣ ማጠብም ለላስቲክ ጥሩ አይደለም።

አንዴ ከተቀደደች በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው። አክስሉ ሲሽከረከር ግራሶውን ይረጨዋል። በቀዳዳው አቧራና ውሃ ይገባል። አቧራው ከቀረው ግራሶ ጋር ተለውሶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ብረቱን ይፍቃል። ኳሶቹ የሚሄዱበት መስመር ይቦረቦራል። «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ኳሷ ከዚያ ጉድጓድ ስትወጣና ስትገባ የምታሰማው ነው።

ልብ በሉ፦ ድምፁ ሲመጣ ብረቱ ቀድሞ ተበልቷል። ከዚያ በኋላ ላስቲክ መቀየርም ሆነ ግራሶ መሙላት የተበላውን አይመልስም። ድምፁ ለጥቂት ቀን ቀነስ ይላል፤ በቃ።

■ ምልክቶቹ

✅ ስትታጠፉ ቀጭ ቀጭ ማለት፦ በተለይ መሪው ብዙ ተጠምዝዞ ነዳጅ ሲሰጥ። የውጪው ጆይንት ነው። ብዙ ጊዜ ወደ ግራ ስትታጠፉ የሚጮኸው የቀኙ፣ ወደ ቀኝ ስትታጠፉ የሚጮኸው የግራው ነው። ይህ ግን ጥቆማ እንጂ ፍርድ አይደለም። ፍርዱን ላስቲኩን አይታችሁ ስጡ።

✅ ፍጥነት ስትጨምሩ መንቀጥቀጥ፣ እግር ስታነሱ መተው፦ የውስጡን ጆይንት ጠርጥሩ።

✅ ከዲ ወደ አር ሲቀየር ወይም ነዳጅ ሲረገጥና ሲለቀቅ «ጓ» ማለት፦ የውስጡ ጆይንት ክፍተት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የሞተር መያዣ ላስቲክም እንዲህ ያደርጋል።

✅ የቸርኬው ውስጠኛ ጎን ላይ የተረጨ ጥቁር ግራሶ፦ ላስቲኩ ተቀዷል። ድምፅ ባይኖርም።

ከሌላ ችግር ጋር እንዳታምታቱትም ተጠንቀቁ። በፍጥነት እየጨመረ የሚሄድ «ዉዉዉ» የሚል ጉርምርምታ ከሆነ የጎማ ኩሽኔታ ነው። ጉድጓድ ላይ ብቻ «ቋ» ካለ ቦል ጆይንት ወይም ሾክ ነው። ነዳጅ ተረገጠም አልተረገጠም በተወሰነ ፍጥነት ላይ መሪው ከተንቀጠቀጠ መጀመሪያ ጎማውን ባላንስ አሠሩ።

■ በ10 ደቂቃ፣ በስልካችሁ

ጋራዥ ሳትሄዱ ማየት ትችላላችሁ። የሚያስፈልገው ስልክ ብቻ ነው።

1. መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ መሪውን እስከ መጨረሻ ጠምዝዙና ሞተሩን አጥፉ።
2. የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ከጎማው ጀርባ እዩ። የአኮርዲዮን ቅርፅ ያላት ላስቲክ ትታያለች።
3. እጥፋቶቿን በጣት ፈልቀቅ አድርጉ። ስንጥቅ የሚደበቀው እዚያ ውስጥ ነው።
4. የውስጠኛዋን ላስቲክ ለማየት ስልኩን ቪዲዮ ላይ አድርጋችሁ እጃችሁን ወደ ስር አስገቡ። ራሳችሁ ስር መግባት የለባችሁም። በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ስር ደግሞ በፍጹም።
5. መሪውን ወደ ሌላኛው ጎን ጠምዝዛችሁ ሁለተኛውን ጎማ ድገሙ።

ከዚያ ባዶ ሜዳ ላይ መሪውን ሙሉ ጠምዝዛችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ግራ አንዴ፣ ወደ ቀኝ አንዴ ዙሩ። መስኮቱን ክፈቱ፣ ሙዚቃውን አጥፉ።

ይህን ምርመራ በዓመት ሁለቴ ልማድ አድርጉት፦ ግንቦት ላይ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ መስከረም ላይ ጭቃው ሲያልቅ።

■ ላስቲክ፣ ጆይንት ወይስ ሙሉ አክስል?

ገንዘባችሁ የሚተርፈው ወይም የሚባክነው እዚህ ውሳኔ ላይ ነው።

🔹 ላስቲኩ ተሰንጥቋል፣ ግን ግራሶው ንጹሕ ነው፣ ድምፅም የለም፦ ላስቲክ፣ ፋሼታና ግራሶ ብቻ ይቀየር። ከሁሉም ርካሹ ይሄ ነው። ሳይፈታ ተሸብቦ የሚጣበቅ ላስቲክም ገበያ ላይ አለ፤ እሱ ግን ለጊዜው እንጂ ለዘለቄታው አይመከርም።

🔹 የውጪው ጆይንት ይጮሃል፣ የውስጡ ደህና ነው፦ የውጪው ጆይንት ብቻ ከነላስቲኩ ይቀየር። ለብዙ አሮጌ መኪናዎች ለብቻው ይሸጣል።

🔹 ሁለቱም ተበልተዋል፣ ወይም ዘንጉ ዝጎ ተበልቷል፦ ሙሉ አክስል ይቀየር። ሥራው ፈጣን ነው፣ የመሳሳት ዕድሉም ያንሳል። በአንዳንድ መኪና የውጪው ጆይንት ከዘንጉ እንዲለይ ተደርጎ ስላልተሠራ ምርጫው ይሄ ብቻ ሊሆን ይችላል።

አንዱ ጎን ተበላ ብሎ ሁለቱንም መቀየር ግዴታ አይደለም። ነገር ግን ዕድሜያቸው እኩል ስለሆነ የሌላኛው ላስቲክ በዚያው ይታይ።

■ ሶማሌ ተራ ከመሄዳችሁ በፊት

መርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ የመለዋወጫ ሱቅ ስትገቡ «የቪትዝ ሲቪ ጆይንት ስጡኝ» ማለት አይበቃም። በስም አንድ የሆኑ መኪናዎች በዕቃ ይለያያሉ። ግራና ቀኙ ይለያያል፣ ማንዋልና ኦቶማቲኩ ይለያያል፣ የሞተሩ መጠንም ለውጥ ያመጣል። የመጀመሪያዋ ቪትዝ ብቻ እንኳ ባለ 1.0 ሊትሯ ኤስሲፒ10፣ ባለ 1.3ቷ ኤንሲፒ10 በሚል ይለያሉ።

ስለዚህ የሻንሲ ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ለአውሮፓ ወይም ለገልፍ ገበያ የተሠራ መኪና 17 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ አለው። ለጃፓን ገበያ የተሠራው ደግሞ በሞዴሉ ኮድ የሚጀምር አጠር ያለ ነው። ከተቻለ የተፈታውን አሮጌ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እነዚህን አወዳድሩ፦

• የጎማው በኩል ጥርስ ብዛት (ቁጠሩት፤ በግምት አይሁን)
• ከዘንጉ ጋር የሚገጥመው የውስጠኛው ጥርስ ብዛት
• ሙሉ አክስል ከሆነ ርዝመቱ
• ካምቢዮ ውስጥ የሚገባው ክፍል ውፍረት
• ኤቢኤስ ላለው መኪና በጆይንቱ ዙሪያ ያለው ጥርስ ያለው ቀለበት
• የዳዶው ጥርስ

ያገለገለ ኦሪጅናል ከሆነ በእጃችሁ አጣጥፋችሁ አዙሩት። ሳይነካካ ለስለስ ብሎ መዞር አለበት። ከተንቀጫቀጨ፣ ከላላ ወይም ብረቱ ተቃጥሎ ሰማያዊ ከመሰለ ተዉት። ላስቲኩ ተቀዶ የቆየ ከሆነማ የራሳችሁን ችግር መልሳችሁ እየገዛችሁ ነው። አዲስ ከሆነ ደግሞ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ስም ብቻ ማስረጃ አይሆንም። ፋሼታ፣ ግራሶ፣ የመያዣ ቀለበትና ዳዶ አብሮ መኖሩን እዩ። «የማይገጥም ከሆነ ይመለሳል» የሚለውን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።

ግራሶው ለሲቪ ጆይንት የተሠራው፣ ሞሊብዲነም ያለበት ጥቁሩ ይሁን። ለኩሽኔታ የሚሆነው ተራ ግራሶ እዚህ አይተካም።

■ አቀያየሩ ደረጃ በደረጃ

ከዚህ በፊት ፍሬን ወይም ሾክ ፈታችሁ የማታውቁ ከሆነ ይህን ሥራ ብቻችሁን አትጀምሩ። ልምድ ያለው ሰው አጠገባችሁ ይሁን። ቅደም ተከተሉ ግን ይሄን ይመስላል።

1. ዳዶውን መሬት ላይ እያለ አላሉት። ሜዳ ላይ አቁማችሁ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፉ። በቸርኬው መሃል ያለው የአክስል ዳዶ በብዙ ትናንሽ ቶዮታዎች 30 ቁጥር ቡሶላ ይፈልጋል። በአንዳንዱ መኪና ዳዶው እንዳይፈታ በኮፒሊያ ተይዟል፤ ኮፒሊያውን አውጡ። በሌላው የዳዶው ጠርዝ በጉድጓዱ ውስጥ ተቀጥቅጦ ተይዟል፤ እሱን መጀመሪያ ቀና አድርጉት። ፍሬን የሚረግጥ ሰው ይኑር። አይከፈትም ካለ ረጅም ቱቦ ጨምሩበት።

2. አንሡና ደግፉ። በክሪክ ካነሳችሁ በኋላ በብረት መቆሚያ ደግፉ። ቀጥሎ ጎማውን አውልቁ።

3. የካምቢዮ ዘይት ተዘጋጁለት። አክስሉ ሲወጣ ዘይት ይፈሳል። አስቀድማችሁ በንጹሕ ዕቃ አውጡና መጠኑን ለኩ።

4. የታችኛውን መያዣ ለዩ። በ1990ዎቹ ኮሮላዎች የቦል ጆይንቱ መያዣ በአንድ ቡሎንና በሁለት ዳዶ ነው የታሰረው፣ በ17 ቁልፍ ይፈታል። በሌሎች መኪናዎች አያያዙ ሊለይ ይችላል። የፍሬን ቱቦና የኤቢኤስ ሽቦ እንዳይወጠር ተጠንቀቁ።

5. አክስሉን ከጎማው መያዣ አውጡ። ዳዶውን ከአክስሉ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን መልሱና በእንጨት ወይም በለስላሳ መዶሻ ምቱ። ጥርሱን በብረት መዶሻ በቀጥታ መምታት ዕቃውን መግደል ነው።

6. ከካምቢዮ አላቁ። ጠንካራ ብረት በጆይንቱና በካምቢዮው መካከል አስገብታችሁ ነቅነቅ አድርጉ። ዘንጉን ይዛችሁ አትጎትቱ፤ የውስጡ ጆይንት ሊበታተን ይችላል። የካምቢዮውን የዘይት ማገጃ ጎሚኒ እንዳትነኩ። ደርቆ ከሆነ ግን አሁን ቀይሩት፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ድጋሚ መፍታቱ ግን ትልቅ ሥራ ነው።

7. አሮጌውን ጆይንት አውጡ። ላስቲኩን ቁረጡ፣ ግራሶውን ጥረጉ። ብዙዎቹ የውጪ ጆይንቶች ውስጥ በምትገኝ ትንሽ የብረት ቀለበት የተያዙ ስለሆኑ በለስላሳ መዶሻ በጥቂት ምት ይወጣሉ። አንዳንዱ ቀለበቱ በልዩ ፒንሳ ካልተከፈተ አይወጣም። በምት የማይወጣ ከሆነ ኃይል አትጨምሩ፣ ቀለበቱን ፈልጉ።

8. አዲሱን ግጠሙ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ላስቲኩን ረስቶ ጆይንቱን መጀመሪያ መግጠሙ ነው። ትንሿ ፋሼታና ላስቲኩ ይቅደሙ። ግራሶውን ኳሶቹ መካከል እስኪገባ ተጭናችሁ ሙሉ፣ የተረፈውን ላስቲኩ ውስጥ ጨምሩ። አዲስ ቀለበት አድርጋችሁ ጆይንቱን «ጠቅ» እስኪል ምቱት፣ ከዚያ ጎትታችሁ አረጋግጡ። ፋሼታውን ከማጥበቃችሁ በፊት የላስቲኩን አፍ በቀጭን ካቻቢቴ ከፈት አድርጋችሁ የታመቀውን አየር አስወጡ።

9. መልሱ። ወደ ካምቢዮ የሚገባው ጫፍ ላይ ያለችውን ቀለበት ቀይሩ። ቀለበቷ እስክትቆለፍ ግፉና ሳብ አድርጋችሁ እዩ። ከዚያ የጎማ መያዣውንና የታችኛውን መያዣ ግጠሙ፣ ጎማውን አስገቡ፣ መኪናውን መሬት አውርዱ።

10. ዳዶውን በልኩ አጥብቁ። ቶዮታ ለብዙ ትናንሽ መኪናዎቹ የሚሰጠው ልክ 216 ኒውተን ሜትር ነው። ለጎማ ዳዶዎች 103። የእናንተን በመኪናው መመሪያ አረጋግጡ። 216 ማለት ምን ያህል ነው ካላችሁ፣ ርዝመቱ 1 ሜትር የሆነ ቁልፍ ጫፍ ላይ 22 ኪሎ እንደ ማንጠልጠል ነው። ቶርክ ሬንች የሚባለው የማጥበቂያ ልክ የሚያሳይ ቁልፍ ከተገኘ ጥሩ። ከላላ ኩሽኔታውን ይበላል፣ ከመጠን በላይ ከተጠበቀም እንዲሁ። ዳዶውም ኮፒሊያውም አዲስ ይሁኑ።

11. ዘይቱን መልሱ፣ ሞክሩ። የወጣውን ያህል ትክክለኛውን ዓይነት የካምቢዮ ዘይት ሙሉ። ባዶ ሜዳ ላይ በሁለቱም አቅጣጫ ዙሩ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ የጎማ ዳዶዎቹን ዳግም ፈትሹ፣ ከስር የዘይት ጠብታ አለመኖሩን እዩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አክስሉ ወጥቶ ሳለ ወይም ዳዶው ሳይጠበቅ መኪናውን በጎማው አትግፉት። አክስሉና ዳዶው ናቸው ኩሽኔታውን ጨምቀው የሚይዙት። ያለ እነሱ ክብደት ካረፈበት ይበላሻል።

■ ጋራዥ ስታስገቡ

አብዛኞቻችን የምንሠራው ጋራዥ ነው። ጎበዝ መካኒክ ጥያቄ አያስከፋውም። እነዚህን ጠይቁ፦

• «የተበላው የቱ ነው፣ የውጪው ወይስ የውስጡ? አሳየኝ።»
• «ላስቲክ ብቻ ይበቃል ወይስ ጆይንቱ ይቀየር? ለምን?»
• «ዳዶው፣ ኮፒሊያውና ቀለበቱ አዲስ ናቸው?»
• «የካምቢዮ ዘይት ስንት ወጣ፣ ስንት ገባ?»
• «አሮጌውን ዕቃ እወስደዋለሁ።»

የመጨረሻዋ በጣም ትጠቅማለች። አሮጌው ዕቃ እጃችሁ ላይ ካለ መቀየሩን ታውቃላችሁ። ድምፁ ተመልሶ ቢመጣም የምታወዳድሩበት አላችሁ። «ግራሶ ሞልተነዋል፣ ጠፍቷል» ከተባላችሁ ግን አመስግናችሁ ሌላ ቦታ አሳዩ።

■ መንገድ ላይ ቢሰበርስ?

ጆይንት ሲሰበር ሞተሩ የሚሰጠው ኃይል ወደ ተሰበረው ጎን እየሸሸ በባዶ ይሽከረከራል። አንዱ አክስል ደህና ቢሆንም መኪናው አይሄድም። እስካሁን የሚገባ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላው ነው። በፊት ጎማ በሚጎተት ኦቶማቲክ መኪና ፒ የሚይዘው ካምቢዮውን ነው። ካምቢዮውን ከጎማ ጋር የሚያገናኘው ደግሞ አክስሉ ነው። አክስሉ ከተሰበረ ፒ መኪናውን አይዝም! በማንዋል መኪናም ማርሽ ውስጥ አስገብቶ መተው አይሠራም። እኛ ዳገቱ ላይ ያየነው ይህንን ነው።

ስለዚህ ድንገት «ጓ» ብሎ ኃይል ካጣችሁ፦ ፍሬኑን ረግጣችሁ ያዙ፣ የእጅ ፍሬን እስከ መጨረሻ ሳቡ፣ የአደጋ መብራት አብሩ፣ ከመኪናው ከመውረዳችሁ በፊት ጎማው ስር ድንጋይ የሚያስገባ ሰው ጥሩ። ደጋግማችሁ ነዳጅ አትርገጡ። የተሰበረው ዘንግ እየተወረወረ የፍሬን ቱቦ ወይም ካምቢዮውን ሊመታ ይችላል። መኪናው በተጎታች ጭነት ይሄዳል እንጂ በገመድ አይጎተት።

የእጅ ፍሬናችሁ በዳገት ላይ ብቻውን መኪናውን የማይዝ ከሆነ፣ ከሲቪ ጆይንቱም በፊት እሱን አሠሩ።

■ ለማስታወስ

ላስቲክ ተሰንጥቃ ስታገኟት ችግሩ ገና ትንሽ ነው። ድምፅ ስትሰሙ መካከለኛ ነው። ዳገት ላይ ስትቆሙ ግን ትልቅ ነው፤ የሚከፈለውም በብር ብቻ ላይሆን ይችላል። በእነዚህ በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት ከጎማ ጀርባ በስልክ መብራት የምታዩባት 10 ደቂቃ ናት።

ዛሬ ማታ መኪናችሁን ስታቆሙ መሪውን ጠምዝዛችሁ እዩ። መኪና የላችሁም? ራይድ ለሚሠራው ወንድማችሁ፣ አሮጌ ኮሮላ ለያዙት አባታችሁ ላኩላቸው። ምናልባት እነሱም ሙዚቃውን ከፍ አድርገው እየነዱ ይሆናል።